አሥራ ሁለት ቀን የዘገየ ቤት

ጥያቄ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። ሦስት ልጆች አሉን፤ የባለቤቴ እናትም ከእኛው ጋር ስለሆኑ ስድስት ነን። ከሁለታችን ገቢ ለወር አስቤዛ 12,000 ብር መድበናል። ደመወዝ እንደወጣ ለሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤውን 4,000 ብር እከፍላለሁ። ከዚያ 25 ኪሎ ጤፍ በ140፣ ባለ አምስት ሊትር ዘይት በ1,500፣ አንድ ኪሎ ቡና በ700 እገዛለሁ። የቀረው ለሽሮ፣ ለሽንኩርት፣ ለስኳር፣ ለልጆቹ እንቁላል ነው። በ18ኛው ቀን ጤፉም ብሩም ያልቃል። የቀረውን 12 ቀን እንደገና በዱቤ ነው፤ ጤፉን በ150 ሁለት ሁለት ኪሎ እያልኩ 17 ኪሎ እወስዳለሁ፤ ከሽንኩርቱና ከስኳሩ ጋር ሲደመር እንደገና 4,000 ይሆናል። ዱቤው የጀመረው ባለፈው መስከረም ልጆቹን ስናስመዘግብ ነው። አማቴ ቡና ይወዳሉ፤ በየቀኑ ይፈላል፤ ጎረቤቱም ይመጣል። ይህ ይሆን የሚጎዳን እላለሁ፤ ግን አልደፍርም። ደሴ ይረክሳል ሲሉኝ ሁለት ጊዜ የሃረጎን ዳገት ወጥቼ ገዝቻለሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ባለቤቴ ‹ብሩን የት ነው የምታደርሽው?› ይለኛል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አለቅሳለሁ። እኔ አባካኝ ነኝ?»

የሦስት ልጆች እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አባካኝ አይደለሽም። ላጽናናሽ ብዬ የምናገረው አይምሰልሽ፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እስክርቢቶ ይዤ ቁጥሮችሽን ሦስት ጊዜ ደመርኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ ያገኘሁት አንድ ነው፤ ከመደባችሁት 12,000 ብር አንዲት ብር አላለፍሽም።

እስቲ አብረን እንየው። በእጅሽ ከሚገባው 12,000 ላይ 4,000 ለሱቁ ትከፍያለሽ፤ 8,000 ይቀራል። በዚያ 8,000 አሥራ ስምንት ቀን ትበላላችሁ። ከዚያ በዱቤ 4,000 ትወስጃለሽ፤ በዚያ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ትበላላችሁ። ስምንት ሺህና አራት ሺህ ሲደመር አሥራ ሁለት ሺህ ነው። ስድስት ሰው ሠላሳ ቀን የበላው ይኸው ነው። ዱቤው በየወሩ አይጨምርም፤ አይቀንስምም። ያው የመስከረሙ 4,000 ነው ከወር ወር እየዞረ የሚመጣው። ባለፈው መስከረም አንድ ጊዜ ጎደላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችሁ አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖራል። ባለቤትሽ «ብሩ የት ሄደ» ሲልሽ መልሱ ይህ ነው። ብሩ ባለፈው ወር የተበላውን ለመክፈል ሄደ።

ይህን በደንብ የማውቀው በራሴ ቤት ስለደረሰብኝ ነው። ባለቤቴ መምህር ነበር፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የሱቁ ደብተር ላይ የእኛ ገጽ ከሁሉም ሰው ገጽ ይወፍር ነበር። ስኳር ቀነስኩ፤ ሥጋ ተውኩ፤ ለራሴ ቁርስ ተውኩ፤ ወሩ ግን ያው በሃያኛው ቀን ያልቅ ነበር። አንድ እሑድ ደብተሩን ለምኜ ወስጄ የስድስት ወሩን ስደምረው የየወሩ ድምር ተቀራራቢ ሆኖ አገኘሁት። የማሳድደው በየወሩ የሚወለድ አዲስ ዕዳ መስሎኝ ነበር፤ አንድ አሮጌ ዕዳ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አልረሳውም። ቁርስ የተውኩበት ግማሽ ዓመት ግን እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺ እንዳትደግሚው ነው ይህን ያህል የማስረዝመው።

አሁን ወደ ጤፉ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

25 ኪሎ ጤፍ በ18 ቀን ካለቀ፣ በቀን አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ ነው የምትጋግሪው። ለስድስት ሰው ይህ ብዙ አይደለም። በሠላሳ ቀን ሲባዛ 42 ኪሎ ይመጣል፤ አንቺም 25ቱን ከገበያ፣ 17ቱን ከሱቅ እያልሽ በየወሩ የምትገዢው በትክክል 42 ኪሎ ነው። ማለት በደመወዝ ቀን «የወር ጤፍ» ብለሽ የምትገዢው 25 ኪሎ ከመጀመሪያውም የአሥራ ስምንት ቀን ጤፍ ነው። አንዳንድ ሴት ማዳበሪያው ቶሎ ሲጎድል እንጀራ ታሳሳለች፤ ወይ ልጅ ሲደግም ፊቷን ታጠቁራለች። አንቺ ይህን አታድርጊ። ልኩ 42 ነው፤ ልኩን ይዘን ዋጋውን እንፈልግለት።

42ቱንም ነጭ ጤፍ ማድረግ ግዴታ አይደለም። አንቺ ያለሽው የማሽላ አገር ላይ ነው። ቃሉ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሁሉም ማሽላ አብቃይ ነው። ማሽላ በገበያችሁ ስንት እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ለስሌቱ ኪሎውን 80 ብር ልያዘው፤ ከዚህ ከተለየ ቁጥሩን አንቺ ቀይሪው። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ ስታደርጊ 28 ኪሎ ጤፍና 14 ኪሎ ማሽላ ነው። ጤፉ 3,920፣ ማሽላው 1,120፣ በድምሩ 5,040 ብር። ዛሬ ለዚያው 42 ኪሎ የምትከፍዪው ከገበያው 3,500፣ ከሱቁ 2,550፣ በድምሩ 6,050 ነው። ልዩነቱ 1,010 ብር ነው። ከማንም ሰሃን ላይ ምንም ሳይነሳ፣ በየወሩ አንድ ሺህ ብር።

ማሽላውን አብዝተሽ ከግማሽ በላይ አታድርሺው። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ይጥማል፤ በማግሥቱ ግን ይደርቃል፤ ይሰባበራል፤ ልጆቹ ይተውታል፤ የተተወ እንጀራ ደግሞ ከጤፍ የበለጠ ውድ ነው። በሁለት ለአንድ ልክ አብሲቱን በደንብ ካበሰልሽው ለሁለተኛው ቀንም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አማትሽ ይህን ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁ እገምታለሁ። በእኔ ምክር አትጀምሪው፤ እሳቸውን ጠይቂያቸው፤ «እማማ፣ ማሽላና ጤፉን በምን ልክ ላቀላቅል?» በያቸው። የወሎ እናት ስለ ማሽላ ተጠይቃ ደስ ሳይላት ቀርቶ አያውቅም፤ ልኩን የሰጡት እሳቸው ከሆኑ ደግሞ ቤቱ ውስጥ «ጤፍ ቀረብን» የሚል ሰው አይኖርም።

ስለ ባለሱቁ። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ስህተት ሱቅ መቀየር ነው፤ ወይም ተደብቆ በሌላ መንገድ መሄድ። በደመወዝ ቀን ጠዋት፣ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ሂጂና እንዲህ በዪው፦ «ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ልጆቼን አብልተህልኛል፤ አላህ ይስጥህ። ያለብኝ 4,000 ነው። በየወሩ 1,000 በአራት ወር ልጨርስልህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አዲስ ዱቤ አልወስድም፤ ብጠይቅህም አትስጠኝ።» የመጨረሻዋን ቃል አትተያት። ባለሱቅም የሚሠራው በተውሶ ገንዘብ ነው፤ ዕቃውን ከጅምላ አከፋፋይ አምጥቶ መልሶ መክፈል አለበት። ቀኑ የታወቀ ክፍያ ላልታወቀ ደንበኛ ከሚሰጥ ዱቤ ይሻለዋል። የእኔው ባለሱቅ ያን ጊዜ የመለሰልኝ «ቁርጥ ከሆነ ምን ችግር አለው» ብሎ ነበር። እሺ ካላለሽ ሁለት ሺህ ሁለት ሺህ በሁለት ወር ክፈዪ፤ እነዚያ ሁለት ወራት ይጠባሉ፤ ያልፋሉ።

እሺ ካለሽ ወሩ እንዲህ ይሆናል። ለሱቁ 1,000፣ እህል 5,040፣ ዘይት 1,500፣ ቡና 700። የሚቀርሽ 3,760 ብር ነው። ዛሬ ለሽሮ፣ ለሽንኩርት፣ ለስኳር፣ ለእንቁላል የምታወጪው በእጅሽ 2,300፣ በዱቤ 1,450፣ በድምሩ 3,750 ነው። አየሽ? ምንም አልተነካም። አሥር ብር ተርፎሻል።

ይህን 3,760 ብር በቦርሳሽ ይዘሽ አትዙሪ። በቀን 125 ብር ይደርሳል፤ በሳምንት 875። አራት ፖስታ አድርጊና በያንዳንዱ 875 አስገቢ፤ 260 ብር ይተርፋል። ያ ትርፍ አይደለም፤ የ29ኛውና የ30ኛው ቀን ነው። ወራችን ሠላሳ ቀን ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው በአራት ሳምንት ነው የሚያስበው፤ ሁለቱ ቀን ሁልጊዜ ባዶ እጃችንን ያገኘናል። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ይህን የሳምንት ገንዘብ የባጃጁ ሥራ ይያዘው። ባለቤትሽ በየቀኑ ነው የሚያገኘው፤ ሽንኩርትም በየሳምንቱ ነው የሚገዛው፤ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። እሑድ እሑድ 875 ብር ሲሰጥሽና ሰንበት ገበያ አብሮሽ ሲወጣ፣ ሽንኩርት ስንት እንደገባ በዓይኑ ያያል። ያኔ «የት ታደርሽዋለሽ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀራል። ይህን ጽሑፍ ቁጭ አድርገሽ አንብቢለት፤ በተለይ 8,000ና 4,000 የሚደመርበትን ቦታ።

ቡናውን አትንኪው። 700 ብር ከ12,000 ላይ ስታስቢው ከመቶ ብር ስድስት ብር እንኳ አይሞላም። በዚያ ገንዘብ አማትሽ ከአቦል እስከ በረካ የቤቱ እናት ሆነው ይውላሉ፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ጎረቤት ይጠያየቃል። ልጅሽ ሲታመም አዳሯን አብራሽ የምትቀመጠው ያቺ ቡና የምትጠጣው ጎረቤት ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ፣ ገበያ ባልነበረበት በዚያ ጊዜ፣ የእኛን ቤት ያቆየው ከጎረቤት በጣሳ የመጣ ዱቄት ነው። ጎረቤቶችሽ ፈቃዳቸው ከሆነ ቡናው በየቤቱ በተራ ይዙር፤ በብዙ ሰፈር የተለመደ ነው። ካልሆነ ግን ኪሎው ይቀጥል።

ሃረጎን ስለመውጣት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመሄጃና የመመለሻ ታሪፉን፣ የተሸካሚውን፣ የጫኝ አውራጁን፣ የባከነውን ግማሽ ቀን በጤፉ ኪሎ ላይ አካፍለሽ ደምሪው፤ ለ25 ኪሎ ብለሽ ወጥተሽ ለውጥ አለማየትሽ አይገርምም። ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ሁለትና ሦስት ኩንታል የምታስጭኑ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ባቲም ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ አለ፤ እዚያም ሕጉ ያው ነው።

ጥቃቅኑን ባጭሩ ልበልሽ። ዘይቱን ከጀሪካኑ ቀጥታ አታፍስሺ፤ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ቀድተሽ ተጠቀሚ፤ አንዱ ጠርሙስ ስድስት ቀን ከቆየ አምስቱ ሊትር ወሩን ያደርሳል። ዘይት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው፤ በአንቺ አቅም ልክ የሚሆነው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲያመጣ ተራ ያዢ። ድንችና ሽንኩርት እኔ በደሴ ብርድ ሦስት ሳምንት አቆያለሁ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ይበቅልብሻል፤ ይበሰብስብሻል። ስለዚህ የሳምንቱን ብቻ ግዢ፤ በመደብ የተከመረውን ከመውሰድሽ በፊት በሚዛን ስንት ኪሎ እንደሚሆን አንድ ቀን አስመዝነሽ እዪው። ማሽላም ነቀዝ ይወዳል፤ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይብስበታል፤ ከሁለት ወር በላይ የሚሆን አታከማቺ። ጤፍን ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም።

ሽሮ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ከመደበኛው በጣም የረከሰ ሽሮ ስታገኚ ምን እንደተፈጨበት ጠይቂ። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊበዛ ይችላል። ጓያ ለወራት የዕለት ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ በአገራችን ብዙ ሰው ሽባ አድርጓል። አተሩንና ሽምብራውን ከጎረቤት ጋር ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ ብታስፈጩ የምትበሉትን ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ሲጠብሽም ከልጆቹ እንቁላል አትጀምሪ። መጀመሪያ ስኳሩን ቀንሺ፤ ቀጥሎ ዘይቱን።

ይህን የምጽፍልሽ በመጋቢት 2018 መጨረሻ ነው። ዘንድሮ የእኛ ዐቢይ ፆምና የእናንተ ረመዳን በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት፣ የእኛ የካቲት 9፣ የእናንተ የካቲት 11። በፆም ወር ቤታችሁ የሾርባና የሳንቡሳ ወጪ እንደነበረበት አልጠፋኝም። ስለዚህ ያለፈውን ወር ለማስተካከል አትድከሚ፤ ከሚያዝያ ጀምሪ። በሚያዝያ፣ በግንቦት፣ በሰኔ፣ በሐምሌ አንድ አንድ ሺህ ስትከፍዪ የሱቁ ደብተር ላይ ያለው ገጽሽ ይዘጋል።

ከዚያ የሚመጣው ጳጉሜን ነው። አንቺንም እኔንም የጣለን እሱ ይመስለኛል። ደመወዝ አሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ ጳጉሜን ደመወዝ የለውም፤ ሆድ ግን አለው። የነሐሴው ደመወዝ ጳጉሜንንም ይዞ፣ የልጅ መመዝገቢያና ደብተር ገዝቶ፣ የዘመን መለወጫን አሳልፎ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። የዘንድሮው ጳጉሜን አምስት ቀን ነው። ቤታችሁ በቀን 400 ብር ስለሚበላ 2,000 ብር ይፈልጋል። ግማሹን ዕዳው ካለቀ በኋላ በነሐሴ የሚተርፍሽ 1,000 ይሸፍነዋል። ለሌላው ግማሽ ባለቤትሽ ከሚያዝያ ጀምሮ በቀን አሥር ብር ሳጥን ውስጥ ቢጥል በመቶ ቀን 1,000 ይሞላል። የመመዝገቢያው ገንዘብ ግን ለብቻው ነው፤ ከአስቤዛው ጋር አታቀላቅዪው፤ ለእሱ አሁኑኑ ትንሽ እቁብ ፈልጊ።

ከመስከረም ወዲያ ያቺን አንድ ሺህ ማስቀመጥ አታቁሚ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ አምስት ሺህ ይሆናል። ጥር አዲሱ ጤፍ ከአውድማ ወደ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ እንደ ክረምቱ አያንገበግብም። ዋጋው ዛሬ ባለበት ቢቆይ እንኳ 35 ኪሎ ትገዢበታለሽ፤ ከአንድ ወር ድርሻሽ ይበልጣል። ረመዳን በሚቀጥለው ዓመት አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ፣ የካቲት መባቻ ላይ ይመጣል፤ ያኔ የአንድ ወር ጤፍ ቀድሞ ቤትሽ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ዋጋ ከጨመረ ቁጥሮቼ ይናዳሉ፤ ይህን አልክድሽም። ኪሎዎቹ ግን አይናዱም። 28 እና 14ን ያዢ፤ ዋጋውን በየወሩ አዲስ ጻፊበት። ጤፉን ከወፍጮ ቤት ስታመጪ ማዳበሪያው ላይ የከፈትሽበትን ቀን በከሰል ጻፊ፤ ሲያልቅም ያለቀበትን ቀን። ሠላሳ ቀን ካልደረሰ በስንተኛው ቀን እንዳለቀ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እንደገና እንደምራለን።